የበረዶ ጎማ የሚመረጠው ለማቆም ነው

(ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ መንጃ ፈቃድ አላችሁ። ስለዚህ መሪ አያያዝ ላስተምር አልመጣሁም። ዛሬ የምናወራው ስለ በረዶ ነው፤ በተለይም በረዶ ላይ ስለሚሄድ ከባድ መኪና ጎማ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው እንዳለ እገምታለሁ። አንደኛው በረዶ ላይ ነድቶ አያውቅም። ሁለተኛው አንድ ሁለት የብርድ ወቅት ያለ ችግር አልፏል፤ “አሁንማ ለምጄዋለሁ” ይላል። እውነቱን ልንገራችሁና የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለተኛው ግን ከጎማው የተሳሳተ ነገር ተምሮ ሊሆን ይችላል።

ምን ማለቴ ነው? አብዛኞቻችን ጎማችንን የምንፈትነው ስንነሳ ነው። ጠዋት ሞተር እናስነሳለን፣ ማርሽ እናስገባለን፣ ቀስ ብለን ነዳጅ እንሰጣለን። ጎማው ሳይሽከረከር መኪናው ከቆመበት ከወጣ “ይይዛል” ብለን እንደመድማለን። ቀኑን ሙሉ በዚያ ድምዳሜ እንነዳለን። ግን መነሳት ለከባድ መኪና ቀላሉ ሥራ ነው። ጭነቱ ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ተጭኗቸዋል። ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ባይሳካ እንኳ ያው የቆማችሁበት ትቀራላችሁ። ማቆምና መታጠፍ ሌላ ሂሳብ ነው። እሱ ያልተሳካ ቀን የት እንደምትቀሩ አይታወቅም።

ሂሳቡን በቁጥር እንየው። ጎማና መንገድ ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚለካው በሰበቃ መጠን ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ቁጥሩ 0.7 አካባቢ ነው። በተረገጠ በረዶ ላይ ወደ 0.2 ይወርዳል። በግግር ላይ፣ ማለትም ቀዝቅዞ በጠጠረ ውኃ ላይ፣ 0.1 ገደማ ይሆናል፤ ግግሩ ከረጠበ ከዚያም ያንሳል። አሁን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ፍሬን ያዛችሁ እንበል። በደረቁ 36 ሜትር አካባቢ ላይ ትቆማላችሁ። በተረገጠው በረዶ 125 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። በግግሩ ላይ 250 ሜትር። ይሄ ፍሬኑ መያዝ ከጀመረ በኋላ ያለው ብቻ ነው። አደጋውን አይታችሁ እግራችሁ እስኪንቀሳቀስ፣ ከዚያም አየሩ በቧንቧ ሄዶ የተሳቢውን ፍሬን እስኪገፋ ድረስ በዚያ ፍጥነት በየሰከንዱ 22 ሜትር ትበላላችሁ።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱ የማቆሚያው ርቀት በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። በ40 ኪሎ ሜትር ያው ግግር ላይ 63 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። የትኛውም የጎማ ፋብሪካ ይህን ያህል ልዩነት በገንዘብ ሊሸጥላችሁ አይችልም። ስለ ጎማ የምናገረውን ሁሉ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

ጎማ በብርድ ምን ይሆናል? ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ለሙቀት ወራት የተሠራው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መጠጠር ይጀምራል፤ መንገዱን በቅጡ መንተራስ ያቅተዋል። ልብ በሉ፣ 7 ዲግሪ በረዶ የሚጥልበት ሙቀት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አስፋልቱ ደርቆ እያለም ጎማው ደክሟል ማለት ነው። የበረዶ ጎማ የተሠራበት ላስቲክ ቅመሙ ይለያል። ሲሊካ የሚባል ማዕድን በዛ ያለበትና ለስለስ ያለ ስለሆነ በብርድም ይታጠፋል።

ሁለተኛው ነገር የጥርሱ ቅርጽ ነው። ብዙ ሰው የበረዶ ጎማ ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ የሆነው በረዶውን ጠርጎ ለማውጣት ብቻ ይመስለዋል። ለጭቃ እንደዚያ ነው። ለበረዶ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ የጣለ በረዶ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ያ የተጠቀጠቀ በረዶ መሬት ላይ ካለው በረዶ ጋር ይያያዛል። በረዶ ለበረዶ ከላስቲክ የተሻለ ወዳጅ ነው። ስለዚህ በጎማው ቦይ ውስጥ ነጭ ነገር ተሞልቶ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ቦዩ በውኃ የራሰ ጭቃ መሳይ በረዶ ተሞልቶ ከቀዘቀዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ጎማው ልሙጥ ሆነ ማለት ነው።

በጥርሶቹ ፊት ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን ስንጥቆችም ለጌጥ አይደሉም። ጎማው ሲጫን ይከፈታሉ፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ መሬቱን የሚቧጥጥ ጠርዝ ይሆናል። ግግር ላይ ከሁሉም በላይ የሚረዱት እነሱ ናቸው። የሚገርመው፣ ብዙ ጎማዎች ላይ ስንጥቆቹ እስከ ጥርሱ ሥር ድረስ አይወርዱም። ጎማው ግማሽ ሲያልቅ ስንጥቆቹ ቀድመው ይጠፋሉ። ጥርሱ አለ፣ ሕጉም ይፈቅዳል፣ ግን የበረዶ ጎማነቱ አብቅቷል። ስትገዙ ጎሚስታውን “ስንጥቁ እስከ የት ይወርዳል?” ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ራሳችሁ ቀጭን ካርድ አስገብታችሁ እዩ።

ስለ ግግር ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ብርዱ በጠነከረ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ የሚያንሸራትት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ ግግር ከዜሮ አጠገብ ካለው የተሻለ ይይዛል፤ ዜሮ አጠገብ ላዩ እርጥብ ነውና። ስለዚህ የምንፈራው ቀን ቴርሞሜትሩ ዜሮን ወጣ ወረድ የሚልበትን ነው። ብላክ አይስ የሚሉት፣ አስፋልቱን አስመስሎ የማይታየው ስስ ግግርም ብዙ ጊዜ የሚወለደው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጎማው ጎን እንሂድ፤ ጽሑፉን እናንብበው። ሁለት ምልክት ታገኛላችሁ። አንዱ ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ናቸው፤ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ሁለተኛው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ሆኖ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ኤም እና ኤስ ስለ ጥርሱ አቀማመጥ እንጂ ስለ ብቃቱ ምንም አይናገርም፤ አምራቹ በረዶ ላይ ሳይፈትነው ሊጽፈው ይችላል። የተራራው ምልክት ግን እውነተኛ በረዶ ላይ ተፈትኖ፣ ከማነጻጸሪያ ጎማ በልጦ የሚገኝ ነው። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት የአሜሪካና የካናዳ የጎማ አምራቾች ማኅበራት ናቸው። አውሮፓም በኋላ ተቀብሎታል።

ሕጎችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 30 ቀን 2024 በኋላ ኤም እና ኤስ ብቻ የተጻፈበት ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም። ለከባድ መኪናም እ.ኤ.አ. ከ2020 ሐምሌ ጀምሮ ድራይቮቹ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞራቸው የኋላ ጎማዎች፣ ብቻ ሳይሆኑ የፊት መሪ ጎማዎቹም የበረዶ ጎማ እንዲሆኑ ይጠየቃል። ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ደስ ይለኛል። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የተራራው ምልክት ራሱ የማይነግረንን ነገር እንስማ። የከባድ መኪና ጎማ ይህን ምልክት ለማግኘት የሚፈተነው በተረገጠ በረዶ ላይ በማፋጠን ነው። ማለትም የሚለካው ምን ያህል እንደሚገፋ ነው። ግግር ላይ ስለማቆም አልተጠየቀም። ኩርባ ላይ ስለመታጠፍም አልተጠየቀም። ምልክቱ ጥሩ ነው፤ የሌለውን አትግዙ እላለሁ። ግን ምልክቱም እኛ ጠዋት የምንሠራውን ዓይነት ፈተና ነው ያለፈው። የመነሳት ፈተና።

ስለዚህ ጎማ ስንመርጥ ምልክቱን መነሻ እናድርገውና መኪናውን ከፊት ወደ ኋላ እንየው።

ከፊት እንጀምር፤ ስቲር ጎማዎቹ። ሁለት ብቻ ናቸው። መታጠፉን የሚሠሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ሆኖም ብዙ አሽከርካሪ የበረዶ በጀቱን በሙሉ ድራይቭ ላይ ያፈሰውና ፊቱን የረጅም ጉዞ ጎማ ያደርጋል፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት፣ ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ። መኪናው ይነሳል፤ ያውም ጥሩ አድርጎ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን መሪውን ታዞራላችሁ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የኋላው ጥሩ ጎማ የፊቱን ደካማ ጎማ እየገፋ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የጀርመኑን ሕግ የወደድኩት። ፊት ላይ የተራራ ምልክት ያለውና በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ የበዛበት ጎማ አድርጉ። ጥልቀቱንም አትሟጥጡ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ለፊት ጎማ ዝቅተኛው 4/32 ኢንች ነው ይላል፤ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር። ለሌሎቹ 2/32፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሜትር። ስዊድን ግን በብርዱ ወራት ከባድ መኪና ላይ 5 ሚሊ ሜትር ትጠይቃለች። በረዶን ከስዊድኖች በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። እኔ የእነሱን ቁጥር ነው የምከተለው። የአሜሪካው ዝቅተኛ ቁጥር ከቅጣት ያድናችኋል፤ ከበረዶ ግን አያድናችሁም።

ድራይቭ ጎማዎቹ ላይ ገበያው ሰፊ ነው። አዲስ የድራይቭ ጎማ ከ26/32 እስከ 30/32 ኢንች ጥልቀት ሊኖረው ይችላል፤ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። ጥልቅና ግዙፍ ጥርስ አይተን “ይሄማ ተራራ ይወጣል” እንላለን። ይወጣ ይሆናል። ግን ከጥልቀቱ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ትከሻውን። ለረጅም አውራ ጎዳና የተሠሩ ጎማዎች ትከሻቸው ዝግ ነው፤ በዳር በኩል ጥርሱ ተያይዞ ይሄዳል። እኩል ያልቃሉ፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ። ትከሻው ክፍት የሆነው፣ ቦዩ እስከ ዳር የሚወጣው ግን በረዶ ውስጥ የበለጠ ይነክሳል። ሥራችሁ በብዛት ተራራ ማቋረጥ ከሆነ ክፍት ትከሻ ግዙ፣ የነዳጁን ልዩነት ቻሉት። በዓመት ሁለቴ ብቻ በረዶ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ የተራራ ምልክት ያለው ዝግ ትከሻ ይበቃችኋል፤ ቀሪውን ጎማ ላይ በሚታሰር ሰንሰለትና በትዕግሥት ሙሉት።

ሁለተኛ ላስቲኩን። ለብዙ ኪሎ ሜትር ተብሎ የተሠራ ጠጣር ላስቲክ ጥርሱ ምንም ቢጠልቅ ግግር ላይ ይንሸራተታል። ዕድሜም ያጠጥረዋል። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ጎማ ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉት፤ 3522 ከሆነ በ2022 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። “አዲስ ነው” ተብሎ የተሸጠላችሁ ጎማ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደተኛ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከኋላ ጎን ለጎን የታሰሩ ጥንድ ጎማዎች ካሉ እኩል ይሁኑ። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ከሆነ ጭነቱን ትልቁ ይሸከማል፤ ትንሹ መንገዱን በቅጡ ሳይረግጥ ይዳበሳል። ስምንት ድራይቭ ጎማ አለኝ ትላላችሁ፤ እውነተኛ ሥራ የሚሠሩት ግን አራት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተሳቢው ጋ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል፤ ማንም ማውራት አይፈልግም። ብዙ ጊዜ ተሳቢው የኛ አይደለም። ያገኘነውን አያይዘን እንሄዳለን። ጎማውም ብዙ ጊዜ ያለቀ ነው። ግን የመኪናውን ክብደት ትልቅ ድርሻ የሚያቆመው የተሳቢው ፍሬን ነው። የተሳቢው ጎማ ካልያዘ ተሳቢው ወደ ጎን ይወጣና ከኋላ ይመጣባችኋል። ስለዚህ ተሳቢ ስትቀበሉ ጥርሱን ለኩ። የሚያሳፍር ከሆነ አልጎትትም የማለት መብታችሁን ተጠቀሙ። አከራካሪ ቢሆንም እኔ የማምነው ይህንን ነው፤ በበረዶ ማዕበል ቀን ከአዲስ ድራይቭ ጎማ ይልቅ ደህና የተሳቢ ጎማ ይሻላል።

ስለ ንፋስ አጭር ነገር። ብርድ የጎማን ንፋስ ያሳንሳል። 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ 100 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ወደ 88 ይወርዳል። ማንም ሳያፈስሰው። የቀዳዳ ምልክት ስትፈልጉ አትዋሉ፤ መኪናው በቆመበት፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ለክታችሁ ሙሉት። “በረዶ ላይ ትንሽ ቢተነፍስ ይሻላል” የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለቀላል መኪና አሸዋ ላይ ይሠራ ይሆናል። ጭነት ለተሸከመ ከባድ ጎማ ግን አይሠራም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ያ ንፋስ ነውና።

እንግዲህ ጎማው ተመርጧል። አሁን ማዕበሉ ውስጥ እንግባ።

በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ የሚያልፈውን ኢንተርስቴት 80 የተባለ አውራ ጎዳና የምታውቁት ትኖራላችሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከላራሚ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ክፍል በ1970 ሲከፈት የድሮውን ጎዳና ትቶ በኤልክ ማውንቴን ተራራ ሥር እንዲያልፍ ተደረገ። መንገዱ አጠረ። የአካባቢው ሰዎች ግን ነፋሱን ያውቁ ስለነበር “እዚያ ጋ አይሆንም” ብለው ነበር። አልተሰሙም። በዓመቱ ግዛቱ በረዶ የሚያቆም አጥር በኪሎ ሜትሮች ወደ መትከል ገባ፤ ዛሬም ከመንገዱ ዳር ተገትሮ ታዩታላችሁ። መንገዱ አሁንም በየብርዱ ወራት ይዘጋል። የሚያስተምረን ምንድን ነው? እዚያ ማዕበል ለመባል በረዶ መጣል የለበትም። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ትላንት የጣለውን በረዶ ነፋሱ ከመሬት አንስቶ ያዘንበዋል። ከመሪው በላይ ፀሐይ፣ ከመሪው በታች ነጭ ግድግዳ። የአየር ትንበያ ስታዩ የበረዶውን መጠን ብቻ አትዩ፤ ነፋሱን እዩ።

ነፋስ ደግሞ ባዶ መኪና ይወዳል። የ53 ጫማ ተሳቢ ጎኑ ከ40 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ያንን የሚያህል ግድግዳ ያለ ጭነት በግግር ላይ ማቆም ለየትኛውም ጎማ ከባድ ነው። እንደምታውቁት ባዶ ሲሆኑ ብዙዎች ይፈጥናሉ፤ “ቀለል ብሎኛል” ይላሉ። አዎ ቀልሏችኋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ጎማ የሚይዘው ሲጫን ነው።

መንገድ ላይ የምታደርጉትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ክሩዝ ኮንትሮል፣ ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው፣ ይጥፋ። የሞተር ፍሬን፣ ጄክ የምንለው፣ መንገዱ ሲያንሸራትት ይጥፋ። ጄክ የሚይዘው ድራይቭ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ፊቱ በነፃነት እየተንከባለለ፣ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ፣ መሐል ላይ ያሉት ብቻ ሲያዙ ጎታቹና ተሳቢው ይተጣጠፋሉ። ጃክናይፍ የሚባለው ይሄ ነው። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ከጀመራችሁ በኋላ ፍሬኑን በስሱ ያዙ። የግራና የቀኙን ጎማ እኩል የሚያዞረው ዲፍ ሎክ ካላችሁ ጎማው መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት አስገቡት። እየተሽከረከረ ብታስገቡት ማርሹን ትሰብራላችሁ።

መንገዱ እርጥብ ነው ወይስ ግግር? ይሄን ለማወቅ የምወደው ዘዴ ከጎናችሁ የሚያልፉትን መኪናዎች ጎማ ማየት ነው። ውኃ የሚረጩ ከሆነ መንገዱ እርጥብ ነው። አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል ግን ጎማው ምንም አይረጭም? እንግዲያው ቀዝቅዟል። የራሳችሁንም መስታወት ክንድ እዩ፤ ፊቱ ላይ ግግር መያዝ ከጀመረ አስፋልቱም እየያዘ ነው። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ከላይም ከታችም አየር ያገኘዋል። ድልድይ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አታዙሩ፣ እንዲሁ አልፋችሁ ሂዱ። በረዶ ጠራጊ መኪና ካገኛችሁ ደግሞ ከኋላው ቆዩ። ከጠራጊው ኋላ ያለው መንገድ በዚያ ሰዓት ካለው ሁሉ የተሻለው ነው፤ እሱን ቀድሞ ወዳልተጠረገ መንገድ መግባት ምን ዓይነት ብልጠት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኤልኢዲ መብራት ያላችሁ ደግሞ በየቆማችሁበት ጥረጉት። የድሮው አምፖል ስለሚሞቅ በረዶውን ራሱ ያቀልጠው ነበር። ኤልኢዲ እንደዚያ አይሞቅም። ከኋላ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ ጨለማ ሆናችሁ ትሄዳላችሁ።

በዚህ ጥያቄ እንቀበል ተብሎ ነበር። ከተጠየቁት ሦስቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ወንድማችን ስለ ሰንሰለት ጠየቀ፦ “ጎማዬ አዲስ ከሆነ፣ የተራራ ምልክትም ካለው ሰንሰለት ምን ያደርግልኛል?”

አንደኛ ሕጉ አይጠይቅህም፤ ያዝዝሃል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ድረስ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 ከባድ መኪና ሰንሰለት መያዝ አለበት። የቀኖቹ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው። መያዝ ነው ያልኩት፤ ፀሐይ ቢወጣም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የሰንሰለት ግዴታው ደረጃ ሦስት ነው፤ የመጨረሻው አር 3 ሲታወጅ ማንም ያለ ሰንሰለት አያልፍም። ብዙ ጊዜ ግን እዚያ ሳይደረስ መንገዱ ይዘጋል። እዚያው ዶነር ሰሚት በሚባለው የተራራ ማለፊያ፣ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይሄን ተሰልፈው የጠበቁ ሰዎች ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ግግር ላይ ብረት የሚሠራውን ላስቲክ አይሠራም። ግን ሰንሰለትን በትክክለኛ ቦታው አስቀምጡት። ሰንሰለት ከአስቸጋሪ ቦታ አውጥቶ እስከሚቀጥለው መቆሚያ የሚያደርስ ነው። በሰንሰለት 300 ኪሎ ሜትር ልሂድ የሚል ሰው አቅዶ የተሳሳተ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰንሰለት የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 25 ወይም 30 ማይል ነው። መጀመሪያ በደረቅ ጓሮ፣ በቀን ብርሃን እሰሩት፣ ፍቱት። ከታሰረ በኋላ ጥቂት ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁት፤ ይላላል። ስታስሩ ደግሞ ከትራፊኩ በኩል ላለው ጎማ ጀርባችሁን ለመንገዱ አትስጡ።

እህታችን ደግሞ “መቼ ነው የምቆመው?” አለች። የዛሬው ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር። የኔ መለኪያ ይህ ነው፤ በማየው ርቀት ውስጥ መቆም የማልችል ከሆነ መንዳቴን አቆማለሁ። 60 ሜትር ብቻ ከታየኝና መንገዱ ግግር ከሆነ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች መሄድ አለብኝ። ግን በዚያ ፍጥነት አውራ ጎዳና ላይ ስሄድ ከኋላዬ 80 የሚመጣ አለ። እሱ ደግሞ እኔን አያየኝም። ስለዚህ መውጫ ሳገኝ እወጣለሁ። የመንገዱ ዳር መቆሚያ አይደለም፤ ማዕበል ውስጥ የቆመን መኪና የኋላ መብራት አይተው “መንገዱ በዚያ ነው” ብለው የሚከተሉ አሉ። ጫኙም ሆነ ተቀባዩ ይደውላል፣ ይቆጣል። ይቆጣ። መሪው እጁ ላይ የለም።

ወጥታችሁ ስትቆሙም ሥራ አለ። በእርጥብ በረዶ ውስጥ ነድታችሁ ወዲያው የእጅ ፍሬን ከያዛችሁ ፍሬኑ ከከበሮው ጋር ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ጎማው አይዞርም። ከመቆማችሁ በፊት ባለው የመጨረሻ ኪሎ ሜትር ቀለል አድርጋችሁ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ አሙቁት፣ ይድረቅ። የአየር ጋኖቹን ውኃ አፍስሱ። ሞተር እያሠራችሁ የምትተኙ ከሆነ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን እየወጣችሁ እዩ፤ ጭሱ ሽታ ላይኖረው ይችላል፣ ግን ይገድላል። የነዳጅ ጋኑ ከግማሽ በታች አይውረድ። መንገድ ሲዘጋ የሚያሞቃችሁ እሱ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። “የበረዶ ጎማ ልግዛና ለበጋ ሌላ ልቀይር ወይስ ያንኑ ዓመቱን ሙሉ ልንዳው?” የሚል።

ለከባድ መኪና ብዙ ሰው አይቀያይርም፤ የተራራ ምልክት ያለውን ዓመቱን ሙሉ ይነዳዋል። ለስላሳው ላስቲክ በበጋ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ እሱን ማመን አለብን። የኔ ምክር የመግዣውን ወር መምረጥ ነው። ጎማ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሊገባ ሲል አትግዙ። በበጋ አስፋልት ላይ የመጀመሪያውን ጥርሱን ጨርሳችሁ ለበረዶ ግማሹን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። የሙቀቱ ወራት ሲያልቅ ግዙ፣ ብርዱ ሳይገባ፤ ቢቻል ጎሚስታው ዘንድ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ ስንጥቁም ሳያልቅ በረዶውን ያገኘዋል። ስቲሮቹንም በዚያው ቀን ለኩ። በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሦስት፤ ከውስጥ፣ ከመሐል፣ ከውጭ። የውስጡ ከውጩ ካነሰ አላይመንቱ፣ የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ ተበላሽቷል። አዲሱን ጎማ ከማሰራችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው ጎን ይበላል።